ጋሼ መኳንንት የሚገፉት ወንበር

በየሰፈሩ አንድ እኔን ባይ አለ። የሌለበት ሰፈር ካለ ገና ሰው አልገባበትም ማለት ነው። ሰው ሲደናቀፍማ ሁላችንም «እኔን!» እንላለን፤ ብለንም መንገዳችንን እንቀጥላለን። እኔን ባይ ግን ብሎ አያልፍም። ከአፉ ቀጥሎ እጁ ይመጣል፣ ከእጁ ቀጥሎ ትከሻው፣ በመጨረሻም ሰውየው እንዳለ ጉዳያችሁ ውስጥ ይገባል። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚለው ተረት ለእሱ የተተረተ ነው።

የኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያው እኔን ባይ ክቡር ጋሼ መኳንንት ይባላሉ። ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶብስ ሹፌር ናቸው፤ ጡረታው ግን ለአውቶብሱ እንጂ ለእሳቸው አልደረሰም። መኪናውን ወደ ኋላ የሚመልስ ሰው ካዩ የትም ቢሆኑ ይደርሳሉ። «ና! ና! ትንሽ ና! አሁንም ና! በቃ!» ይላሉ፤ «በቃ» የምትለዋ ሁልጊዜ ከግጭቱ ድምፅ ጋር እኩል ትወጣለች። ለፈሀድ ሱቅ የመጣን የስኳር ጆንያ በትከሻቸው አውርደው ለተፎካካሪው ሱቅ አስረክበው ያውቃሉ። ታዲያ ላባቸውን በኮፍያቸው እየጠረጉ «እኔ እያለሁማ አይሆንም!» ሲሉ ማን ጨክኖ ይቆጣቸዋል?

ፀዳለ ትቆጣለች።

ፀዳለ እዚያው ማዞሪያው ላይ ከጓደኛዋ ከሶሊ ጋር ሞባይል ትጠግናለች። ከልጅነቷ ጀምሮ የምትሄደው በዊልቸር ነው፤ ክንዷም የዚያኑ ያህል ጠንክሯል። በዚህ ክንድ የብሔራዊ የሴቶች የዊልቸር ቅርጫት ኳስ ቡድን ተጫዋች ሆናለች። የኮልፌን አቀበትም ብቻዋን ነበር የምትወጣው፤ ጋሼ መኳንንት ጡረታ እስኪወጡ ድረስ።

ከዚያ ወዲህ ግን ገና አቀበቱ ሥር ስትደርስ ከኋላዋ «እኔን! ፀዱ፣ አይዞሽ!» ይላል አንድ ድምፅ፤ ወንበሩም መብረር ይጀምራል። ፊታውራሪ እንዳንላቸው የጋሼ መኳንንት ሥራ ከኋላ ነው። መንገደኛውን «ጠጋ በሉ! ጠጋ በሉ!» እያሉ ያስለቅቃሉ፣ በየፌርማታው ፍሬን ይይዛሉ፣ ሳትወርድ ደግሞ ይነሳሉ። ግራኝ ስለሆኑ የግራ እጃቸው ይበረታል፤ ስለዚህ ወንበሩ ዘወትር ወደ ቀኝ ወደ ቦዩ ያመራል። ፀዳለ መንገዱን ሁሉ የቀኙን ጎማ ስታሽከረክር የግራውን ጨምድዳ ስትይዝ ትወጣለች፤ እቤቷ ስትደርስም ብቻዋን ከወጣችበት ቀን የበለጠ ይደክማታል።

አንድ ማለዳ ፌርማታው ላይ የቡድኑን መኪና ስትጠብቅ ደረሱ። «እኔን! መንገዱን የሚያሻግርሽ አጥተሽ ነው?» አሉና መልሷን ሳይሰሙ አሻገሯት። መኪናው በወዲያኛው በኩል መጥቶ፣ ቆሞ፣ ጥሩምባ ነፍቶ ሄደ።

«ጋሼ፣ ትተውኝ ሄዱ እኮ!»

«ማን ነው የሚተውሽ? እኔ እያለሁማ አይሆንም!» ብለው ልምምዱ ድረስ በሚኒባስ አደረሷት። ደግሞም ገቡና ከጎን ተቀመጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡድኑ ሳይመርጣቸው ቋሚ ደጋፊ ሆኑ።

ይህ ሁሉ በሳቅ ባለፈ ነበር። ግን የአፍሪካ ሻምፒዮና ተቃርቦ ነበርና አሰልጣኝ ሰርኬ ተጓዦቹን ለመለየት አንድ የወዳጅነት ጨዋታ ከጎረቤት አገር ቡድን ጋር አዘጋጀች። ለፀዳለ ያ ጨዋታ ማለት ሁሉ ነገር ነበር። ሥራዋ ኳስ ማስገባት አይደለም፤ መንገድ መዝጋት ነው። የተቃራኒን ተጫዋች በወንበሯ ትገታለች፣ በከፈተችው ቀዳዳ ረጅሟ ሜሪ ገብታ ታስቆጥራለች። ጭብጨባው ለሜሪ ነው። የፀዳለን ሥራ የሚያይላት አሰልጣኟ ብቻ ነበረች፤ ያን ቀን ደግሞ በደንብ እያየች ነበር።

ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ፀዳለ ከአንዷ ጋር ተጋጭታ ወደቀች። በዚህ ጨዋታ ተጫዋቹ ከወንበሩ ጋር በቀበቶ ስለሚታሰር ሲወድቅም ከነወንበሩ ነው። ያልለመደ ሰው ሲያየው ልቡ ይወድቃል፤ ለፀዳለ ግን በአንድ እጅ መሬቱን ገፍቶ ብድግ ማለት የዕለት እንጀራ ነው። እጇን መሬት ላይ እንዳሳረፈች ከመቀመጫዎቹ በኩል ድምፅ ተሰማ።

«እኔን! እኔን ይድፋኝ!»

ጋሼ መኳንንት አጥሩን ዘለሉት። ዳኛው ሳያዩአቸው፣ ኳሱ በጨዋታ ላይ እንዳለ፣ ሜዳውን አቋርጠው ፀዳለን ከነወንበሯ አቆሟት። የመጫወቻ ወንበር መግፊያ እጀታ የለውም፤ መደገፊያውን አንቀው ገፏት። «ጠጋ በሉ! ወደ ሐኪም ነው!» እያሉ በሁለቱ ቡድኖች መሃል አሳልፈው በሩ ላይ ሊያደርሷት ምንም አልቀራቸውም። ፊሽካ ተነፋ። ለተቃራኒ ቡድን የቅጣት ውርወራ ተሰጠ፣ ኳሷ ገባች፣ ቡድናችን በዚያችው ተሸነፈ።

አሰልጣኝ ሰርኬ ከጨዋታው በኋላ ፀዳለን ለብቻዋ ጠራቻት። «ከመረጥኳቸው ውስጥ ነሽ። ግን እኚህ ሰውዬ አንድ ቀን ሜዳ ውስጥ ባያቸው አንቺን ሜዳ ውስጥ አላይሽም» አለቻት።

ፀዳለ ያን ዕለት በንዴት ጨሳ ነው ኮልፌ የገባችው። ውላ ሳታድር ወደ በያጁ ወደ ኢርፋን ሄደች። የመጫወቻው ወንበር እጀታ ከሌለው የቤቱስ ለምን ይኖረዋል?

«ቁረጥልኝ።»

«ሁለቱንም?» አለ ኢርፋን።

«ከሥራቸው።»

በማግስቱ አቀበቱ ሥር «እኔን! ፀዱ፣ አይዞሽ!» የሚለው ድምፅ መጣ። የጋሼ መኳንንት እጆች እንደለመዱት ተዘረጉ፤ ምንም አላገኙም። አየሩን ሁለት ጊዜ ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት።

«ፀዱ፣ መያዣው የት ሄደ?»

«አስቆረጥኩት።»

«ተሰብሮ ነው? ለምን አልነገርሽኝም፣ እኔ እያለሁ?»

«አልተሰበረም ጋሼ። እንዳይገፉኝ ነው» አለች። ጀምራዋለችና ጨረሰችው። «ጨዋታዬንም ሊያዩ አይምጡ። እርስዎ ከመጡ ከቡድኑ እወጣለሁ።»

ጋሼ መኳንንት እጃቸውን አዩ። ከዚያ ምን እንደሚያደርጉት ስለጠፋቸው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። «እሺ ልጄ» አሉ። ፀዳለ አቀበቱን ብቻዋን ወጣች። የፈለገችው ነፃነቷን ነበርና ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስ አላላትም፤ ይህም ራሱ አናደዳት።

ሰፈሩም ወዲያው ነቃ። ሰው ይደናቀፋል፣ ጋሼ መኳንንት ዝም። መኪና ወደ ኋላ ይላል፣ ጋሼ መኳንንት ዝም። መኪኖቹ መጋጨት አቆሙ፤ ነገር ግን አንድም ሹፌር ደስ ብሎት አላየንም። ቡድኑ የሄደ ዕለት ፀዳለን ሊሸኝ ያልወጣ ሰው አልነበረም። ጋሼ መኳንንት ከሁሉ ኋላ፣ እጃቸውን እንደከተቱ፣ ከፈሀድ ሱቅ በረንዳ ላይ ቆመው ነበር።

ሻምፒዮናው የተደረገው በባዕድ አገር፣ ወለሉ እንደ መስታወት በሚያብለጨልጭ አዳራሽ ውስጥ ነው። ቡድናችን ከመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች አንዱን አሸነፈ፣ አንዱን ተሸነፈ። ግማሽ ፍጻሜ ለመግባት የቀረው አንድ ጨዋታ ነበር፤ ካሸነፉ ይገባሉ፣ ከተሸነፉ ሻንጣ። አሰልጣኝ ሰርኬ ፀዳለን ከመጀመሪያው አሰለፈቻት።

በሁለተኛው አጋማሽ ፀዳለ ወደቀች። ከነወንበሯ፣ በጎኗ፣ ጭንቅላቷ ወለሉን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው። አዳራሹ ግን ምንም አላለም። ሕጉን የሚያውቅ፣ ጨዋታ የገባው ሕዝብ ነበር፤ ትነሳለች ብሎ በትዕግሥት ይጠብቃል። ስትለምነው የኖረችው ይህንኑ አልነበር? ፀዳለ እጇን መሬት ላይ አሳረፈች። ለአፍታ ያህል ግን አልገፋችውም፤ የምትጠብቀው ነገር ነበራት፤ ምን እንደሆነ ሲገባት አፈረች። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል አንድ እንኳ እኔን የሚላት አልነበረም። መሬቱን ገፍታ ተነሳች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር፤ ላብ ነው ብላ ጠረገችው።

ደቂቃዎች ሲቀሩ ነጥቡ እኩል ሆነ። ሜሪ ኳሱን ይዛ ስትመጣ የተቃራኒዎቹ ግዙፍ ተከላካይ መንገዱን ልትዘጋ ገሠገሠች። ፀዳለ ቀደመቻት። ቦታዋን ይዛ ቆመች፤ ተከላካይዋ መጥታ ተላተመችና ከነወንበሯ ተገለበጠች። መንገዱ ተከፈተ። በዚህ ሰዓት ፀዳለ ማድረግ ያለባት ቀጣዩን ሰው መያዝ ነው፤ ያዘችም። አፏ ግን ለብቻው ሥራ ላይ ነበር።

«እኔን!» አለች፤ አዳራሹ እስኪያስተጋባ ድረስ። «እኔን ይድፋኝ!»

ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትገባ ታውቃላችሁ። የወደቀችው ሴት በመገረም ቀና ብላ አየቻት፤ አሰልጣኝ ሰርኬ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች፤ ሜሪ ሳቋን መቆጣጠር እንዳቃታት ኳሱን ወረወረች፤ ገባ። በዚያችው አሸነፉ።

ግማሽ ፍጻሜውን ተሸንፈው አራተኛ ሆነው ተመለሱ። ሜዳሊያ የለም፤ ኮልፌ ግን ዋንጫ እንደመጣለት ሰው ነበር የጨፈረው። ሶሊ በፀዳለ ጆሮ ሥር ጠጋ ብላ፣ «ሱቃችን ውስጥ በስልክ ተሰብስበን ስናይ ጋሼ መኳንንትም ነበሩ» አለቻት። «ስትወድቂ ኮፍያቸውን አፋቸው ውስጥ ወተፉት። ኋላ አንቺ ስትጮኺ ግን ወጥተው ሄዱ፤ ሲያለቅሱ እንዳናይ ነው መሰለኝ።»

ጭፈራው ሲበተን ፀዳለ ወደ አቀበቱ አመራች። ጋሼ መኳንንት ከጎኗ፣ ራቅ ብለው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይራመዳሉ። አንድ ቦታ ላይ ጎማዋ ድንጋይ መታና ወንበሩ ነጠረ። ጋሼ አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ገጠሙት።

«ይበሉት እንጂ ጋሼ» አለች ፀዳለ።

«ምኑን?»

«ያፈኑትን።»

«እኔን!» አሉ ጋሼ መኳንንት፤ የስንት ጊዜ ጥም ነበርና ማዞሪያው ላይ የነበሩት ወያሎች ሁሉ ዞረው አዩ።

በማግስቱ ጠዋት ፀዳለ ኢርፋን ብየዳ ቤት በር ላይ ቆመች።

«እጀታ በይድልኝ።»

ኢርፋን መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። «ሁለቱንም?»

«አንዱ ይበቃል። ሁለቱን ካገኙ ከከተማ አስወጥተው ሳንሱሲ ነው የሚያደርሱኝ።»

«የትኛውን ታዲያ?»

«የግራውን» አለች ፀዳለ። «የቀኙን ጎማ እኔ አዞረዋለሁ፤ ጋሼ መኳንንት ግራኝ ናቸው።»