ባዶ ቦታ መተው ያልቻለ ተፈታኝ

ለፈተና መዘጋጀት ማለት የማያውቁትን ማጥናት ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ያ ሰው ወይ ተፈትኖ አያውቅም ወይ አስተማሪ ነው። የማያውቁትን ማጥናትማ ምን ችግር አለው? መጽሐፍ ይዞ መቀመጥ ነው። መከራው የሚያውቁትን መርሳት ነው። እኔ አሥራ ሁለት ዓመት የተማርሁትን አንድ ነገር በአራት ወር ለመርሳት ሞክሬ አልሆነልኝም። ስለዚህ ለቢዝነስ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና አዲስ ሰው እንዴት ይዘጋጅ የሚለውን ልመክራችሁ ተነሥቻለሁ። ወድቆ የሚመክርን ሰው አትናቁ። ያለፈውማ ሄዷል፤ የት ታገኙታላችሁ?

መተማ ዮሐንስ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድ ባለሙያ ነኝ። ኢኮኖሚክስ የተማርሁት በማዕረግ ነው። ማዕረጉን ያነሣሁት ለጉራ አይደለም፤ ሌላ የማነሣው ስለሌለኝ ነው። መጀመሪያ የተቀጠርሁት ጎንደር ነበር። በዚያው ዓመት ለሁለተኛ ዲግሪ የሚላክ አንድ ሰው ተፈለገና የእኔ ስም ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ያን ሰሞን ከቆላው የሚጠበቀውን የሰሊጥ ምርት የሚጠይቅ ቅጽ እጄ ገባ። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት ከሦስት ቀበሌዎች ወሬ አልመጣም። ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣሁ ትኩስ ነበርሁና በሦስቱ ቀበሌዎች ትይዩ «መረጃው በቂ ስላልሆነ መናገር አይቻልም» ብዬ ጻፍሁ። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር በዚያ ቅጽ ላይ ከዚያ በፊት ተጽፎ የሚያውቅ አይመስለኝም። አለቃዬ ጠርቶ፣ ለመሆኑ አንተን የቀጠርንህ የምታውቀውን ልትነግረን ነው ወይስ የማታውቀውን አለኝ። ከጎኔ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ሦስቱን ባዶ ቦታ ከምሳ በፊት ሞላቸው። ቁጥሮቹ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያምሩ ነበር። በሳምንቱ ሰሌዳው ላይ የእሱ ስም ተለጠፈ። እኔ የጎደለውን መረጃ ከምንጩ እንዳሟላ ተብዬ መተማ ተመደብሁ። ይኸው እያሟላሁ ነው።

ከዚያ ወዲህ ባዶ ቦታ ትቼ አላውቅም። ሪፖርት ያልመጣ እንደሆነ ያለፈውን ዓመት ቁጥር አወጣና አሥር በመቶ እጨምርበታለሁ። ለምን አሥር? አምስት ስንፍና ይመስላል፣ ሃያ ደግሞ ተሞክሮ ፈላጊ ጎብኚ ያመጣል። በዚህ ዘዴ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አልተቆጣኝም፤ ማንም አልሾመኝምም።

እንዲህ ሆኜ ስኖር ነው አንድ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ጎንደር ላይ የመግቢያ ፈተና እንደሚሰጥ የተሰማው። መሥሪያ ቤቴ የሚያልፈውን ሠራተኛ እየከፈለ ሊያስተምር ተስማማ፤ ታዲያ ዕድሜው ከአርባ ላላለፈ። እኔ በዚያ ዓመት አርባ ሞልቶኝ ነበር። ወይ ዘንድሮ እወጣለሁ፣ ወይ ጡረታዬን ከዚህ ሙቀት ጋር እጠብቃለሁ። ለፈተናው መጽሐፍ የሚያመጣልኝ ሰው ያገኘሁት ዕድሜዬን ሙሉ ወደ ድንበሩ ሲያልፉ ከምቆጥራቸው የጭነት መኪና ሾፌሮች መካከል ነው። ከካርቱም ፎቶ ኮፒ አምጥቶ ሰጠኝ። አንደኛው ምክሬ ይኸው ነው፤ በሚያዝያ መተማ ላይ የምታጠኑ ከሆነ ከመጽሐፉ በፊት ፎጣ ይኑራችሁ። ገጹ ከክንድ ተላቅቆ አይገለጥም።

የጥናት ጓደኛዬ ይርጋ ነበር። ድንበሩ ላይ የሾፌሮችን ሰነድ የሚመረምር፣ በአሥር ዓመት የሚያንሰኝ፣ አክብሮ ጋሼ የሚለኝ ሰው ነው። ሥራው አንድ ነው። ወረቀት ይቀበላል፣ ያገላብጣል፣ አንዲት ማኅተም ከጎደለች «አልተሟላም» ይልና ይመልሳል። ሾፌሩ ይምላል፣ ይለምናል፣ አጎቴ እገሌ ነው ይላል። ይርጋ አይናደድም፣ አይደሰትም። የሚቀጥለውን ወረቀት ይቀበላል። ሒሳቡ ደካማ ስለነበር እኔ አስተምረው ጀመር። አዘንሁለት እንኳ።

ከሰዓት በኋላ በቢሮዬ ግቢ፣ ራኩባ ከምንለው የሣር ዳስ ጥላ ሥር እንቀመጣለን። አንድ ቀን አያ ደምሌ፣ ኮኪት አካባቢ ሰሊጥ የሚያርሱ ሽማግሌ፣ ለደብዳቤ መጥተው አጠገባችን ዐረፍ አሉ። አሥር ሠራተኞች አንድ ማሳ በስድስት ቀን ካጨዱ አሥራ አምስቱ በስንት ቀን ያጭዳሉ የሚል ጥያቄ ላይ ነበርን። አራት ቀን አልሁ፤ መጽሐፉም አራት ይላል። አያ ደምሌ ሳቁብኝ። አይ የተማረ ሰው፣ አሉ፤ አምስት ሳሉግ ሠራተኛ ሲጨመር ወሬ ይጨመራል እንጂ አጨዳው መቼ ይፈጥናል? ለመሆኑ ሰሊጡ ደርሷል? ጎረቤት አባብሎ ወስዷቸው ቢያድርስ? መጽሐፉ ይህን ሁሉ ሳይነግርህ ምኑን ነው የምትመልስለት? ይርጋ ራሱን ነቀነቀ። እኔ በትዕግሥት ፈገግ አልሁ።

ፈገግታዬ እስከሚቀጥለው ምዕራፍ ቆየ። ያ ምዕራፍ የዚህ ፈተና ዋና ተንኮል ነው። ጥያቄ ያቀርብና ጥቂት መረጃ ይሰጣችኋል። መልሱን ግን አይፈልግም። የሚፈልገው፣ በዚህ መረጃ መልሱን ማግኘት ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለውን ብቻ ነው። የማይቻል ከሆነ ከምርጫዎቹ የመጨረሻዋን ፊደል ታጠቁራላችሁ። በቃ። እንዲህ ያለ ፈተና በምድር ላይ መኖሩን አሥራ ሁለት ዓመት ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ኖሮ!

የመጀመሪያው መልመጃ፣ አንድ ሱቅ አምና ስምንት መቶ ሸሚዝ ሸጠ፣ ዘንድሮ ከዚያ በላይ ሸጠ፣ ዘንድሮ ስንት ሸጠ ይላል። እኔ ስምንት መቶ ሰማንያ አልሁ። ይርጋ መጽሐፉን ወደ ራሱ አዞረና፣ ጋሼ ይህን ሰማንያ ከየት አመጡት አለኝ። አሥር በመቶ ነዋ፣ አልሁት። እሱማ እዚህ ላይ አልተጻፈም እኮ ጋሼ፣ አለ። አይጻፍም፣ የታወቀ ነው አልሁት። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም እንደዚያው ሆነ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ! ነገሩ እየገባኝ፣ ዐይኔ እያየ፣ እጄ ባዶዋን ቦታ ሲያገኝ ይሞላታል። ይርጋ አንዷንም አልሳተም። ሒሳቡን ሳይጨርስ ነበር የሚመልሰው።

የፈተናው ቀን ጎንደር ቀዝቃዛ ነበር። እንግሊዝኛውን ሠራሁ፣ ሒሳቡን ሠራሁ። ያ ክፍል ሲደርስ እርሳሴን የመጨረሻዋ ፊደል ላይ አሳረፍሁ፤ በደንብ ዐውቄ፣ ትክክል መሆኑን ዐውቄ። ያ የድሮ አለቃዬ በዐይነ ኅሊናዬ ከፊቴ ቆመ። አሁን ደግሞ ከመተማ ወዲያ የት ሊልኩኝ ነው የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ከመተማ ወዲያማ ሱዳን ነው! ላጲሴን አወጣሁ። አጠፋሁ። ቁጥር የሚገኝበትን መንገድ ፈልጌ፣ አግኝቼ፣ ይቻላል ብዬ አጠቆርሁ። እንዲህ እያልሁ ክፍሉን ጨረስሁ። አንድም ጥያቄ «አይቻልም» ሳልል።

ውጤቱ መጣ። በሁለቱ ክፍሎች ከፍ ያለ ነጥብ አገኘሁ፣ በዚያኛው ግን ከዝቅተኛው ወለል በታች ስለሆንሁ አልተቀበሉኝም። ይርጋ አለፈ። ሊሄድ ሲል ምሳ ጋበዘኝና፣ እንዴት አድርገህ አለፍህ አልሁት። እኔ እኮ ብዙውን ሒሳብ አላውቀውም ጋሼ፣ አለ፤ እንደ ሰነድ አየሁት፣ የጎደለውን ጎድሏል አልሁ። እርስዎ ግን ለሾፌሩ እያዘኑ ይሞሉለታል፣ አለኝ። ክፉ ልጅ አይደለም። እውነቱን ነው። እንባዬ የመጣው በርበሬው ስለበዛ ነው ብዬዋለሁ።

እኔ በመስከረም አርባ አንድ ሞላኝ። በዚያው ሳምንት የአሁኑ አለቃዬ አስጠራኝ። በሚቀጥለው ዓመት ሌሎች ሠራተኞች ይፈተናሉ፣ አንተ ልምድ አለህ፣ የማዘጋጃ ሥልጠና ዕቅድ ሠርተህ አምጣ አለኝ። ስንት ሰው እንደሚመዘገብ ጠየቅሁት፤ አልታወቀም። ፈተናው መቼ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ አልታወቀም። ይሰጥ እንደሆነም ገና አልታወቀም።

ከምሳ በፊት አደረስሁለት። ከሠልጣኞቹ መካከል ዘጠና ሁለት ነጥብ አራት በመቶው ያልፋሉ።