የትርንጎን መሳፈሪያ በወጥ የበላን ዕለት

ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ፈተናው የሚከብደው በአያቱ ላይ ነው። አታምኑኝም? እንግዲያው ስሙኝ።

የልጅ ልጄ ትርንጎ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። ከእኛ ከጋይንት በአውቶቡስ ሁለት ቀን ያስኬዳል። እኔና ባለቤቴ መከርንና ሙክታችንን አርብ ገበያ አውርደን ልንሸጥ፣ በዋጋው መሳፈሪያዋንና ፍራሿን ልንችል ቆረጥን። ሰኞ መሄጃዋ ነው። እቅዱ እንከን አልነበረውም… እኔ እስክገባበት።

ሐሙስ ጠዋት ጎረቤቴ አያ ደሴ በአጥር ብቅ አለና፣ "ልጅቷን እንዲሁ ልትሸኛት ነው? ቄሱ ሳይመርቋት?" አለኝ። ከነከነኝ። አገር ለቃ የምትሄድ ልጅ ጎረቤት ተጠርቶ፣ በልቶ፣ መርቆ ነው የምትሸኝ። ድግስ ደግሞ ያለ ሥጋ አይሆንም። ሥጋ ደግሞ… አያችሁ፣ ሐሳቡ በራሱ እግር ነው ወደ ሙክቱ የሄደው። ባለቤቴ ከወንዝ ስትመለስ ተገፎ ተሰቅሏል።

ቀትር ላይ ቤቱ ሞላ። ቄሱ አጥንት እንደያዙ "መንገድሽን ያቅናልሽ" ሲሉ ባለቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"መንገዷንማ እየጋጡት ነው።"

የአርብ ገበያው ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

ትርንጎ ግን ቆቅ ናት። ደብተሯን ይዛ በሩ ላይ ቆመችና፣ በሰርግ ቤት ስጦታ በየስሙ እንደሚጠራው ጀመረች።

"አያ ደሴ፣ ምን ልጻፍልዎ?"

"እኔ እኮ ምክር ሰጥቻለሁ።"

"እሱንማ ከነመረቁ ጠጣነው" አለች ባለቤቴ።

ሰው ሳቀ። አያ ደሴ እጁን ኪሱ ከተተ። እሱ ከከተተ ማን ይቀራል? ቄሱ እንኳ ጋቢያቸውን ዳበሱ። መሳፈሪያውና ፍራሹ ሞላ። የቀረው የየወሩ የሳሙናና የፎቶ ኮፒ ነው።

"አባባ፣ እርስዎስ?"

"እኔማ ሙክቱን ሰጥቻለሁ።"

"እሱንማ አብረው በልተውታል።"

ሁሉም ያየኛል። ኪሴ ባዶ።

"እንግዲህ… የአርብ አርብ ጠላዬን ዋጋ፣ ትምህርትሽን እስክትጨርሺ ድረስ" አልሁ።

ጻፈችው። ባለቤቴ "አስፈርሚው" አለች፤ ፈረምሁ።

ይኸው ሁለተኛ ዓመቷ ነው። አርብ በመጣ ቁጥር እሷ የጠላውን ዋጋ በስልኳ ትቀበላለች፣ እኔ ጠላ ቤቱ ደጃፍ ቆሜ ሽታውን እቀበላለሁ። እናንት አስተማሪዎቿ፣ ይህን ካነበባችሁ ውለታ ዋሉልኝ፤ በአንድ ትምህርት እንኳ እንዳትጥሏት። ዓመት ቢጨመርባት እሷ ትችለዋለች፤ የእኔ ጉሮሮ ግን አይችለውም።