ሐዋሳ ሐይቅ ላይ የነበረችው መርከብ

ሐዋሳ ሐይቅ ላይ መርከብ ነበረች ብላችሁ ታምናላችሁ? አታምኑም። ልክ ናችሁ፤ ሐይቃችን ከጀልባ በቀር ሌላ አያውቅም። እኛ ቤት አልበም ውስጥ ግን አለች። የምታውቁት የድሮ የሐዋሳ ሰው ካለ፣ እስቲ የወላጆቹን አልበም እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። እዚያም ሳትኖር አትቀርም። ነጭ፣ ጭስ የምትተፋ፣ ወደ ግራ ትንሽ ያዘመመች መርከብ።

የመርከቧ ባለቤት ጋሽ ንጉሤ ነበሩ፤ ፒያሳ ፎቶ ቤት የነበራቸው። ያን ጊዜ ፎቶ የሚነሣ ሰው ከጀርባው ሥዕል ያለበት ሸራ ይሰቀልለት ነበር። ጋሽ ንጉሤ ሸራቸው ላይ የሣሉት ምን ይመስላችኋል? ሐይቅ! እውነተኛው ሐይቅ ከፎቶ ቤቱ በእግር የሚደረስ፣ ያውም በነጻ የሚታይ መሆኑን ልብ በሉልኝ። የሐዋሳ ሰው ግን ለብሶ፣ ተቀብቶ፣ ተበጥሮ፣ ለሐይቁ ጀርባውን ሰጥቶ ይመጣና የሸራው ሐይቅ ፊት ይቆማል። የእውነተኛው ነፋስ ፀጉር ያበላሻል ይሉ ነበር። መርከቧንስ ከየት አመጧት? እሳቸው እንደሚሉት፣ ውሃው ብቻውን ሲሆን ባዶ መሰላቸው።

ደግሞ ሥርዓቱ! ጋሽ ንጉሤ አገጭ በሁለት ጣት ይዘው ያቀናሉ፣ ኮሌታ ያስተካክላሉ፣ ትከሻ ይጫናሉ። መሳቅ ክልክል ነው። ፎቶ ሲስቁ የሚበላሽ ነገር ይመስላቸው ነበር መሰለኝ። ከዚያ ታጥቦ እስኪወጣ መጠበቅ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ይሆን? አፌን ከፍቼስ? ያ ጭንቀት እንኳ አሁን ይናፍቀኛል። ዛሬ ሰው ምሳው ሳይቀርብ ሠላሳ ፎቶ አንሥቶ ሃያ ዘጠኙን ያጠፋል።

እናትና አባቴ አብረው የተነሡት ፎቶ አንድ ብቻ ነው። ሊጋቡ በነበረበት ሰሞን፣ መርከቧ ፊት ቆመው። ባለፈው ክረምት ጣሪያችን አፈሰሰና ውሃው ፍሬሙ ውስጥ ገባ። እናቴን አልነካትም፤ መርከቧንም አልነካትም። የአባቴን ፊት ግን ሻይ የተደፋበት አስመሰለው። አባቴ ከሞተ ቆይቷል። አንድ ቀን ምሳ ላይ እናቴ ጉርሻዋን መልሳ አስቀመጠችና፣

«ፊቱ እየጠፋብኝ ነው» አለች።

ስለ ፎቶው የምታወራ መስሎኝ ፍሬም እገዛለሁ አልኳት። እጇን ግንባሯ ላይ አሳረፈች። ያኔ ገባኝ፤ እያወራች ያለችው ስለ ራሷ ጭንቅላት ነበር።

ልጄ መክሊት እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው የምትማረው። ኤአይ ያድሰዋል አለች። ይሄ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ነገር ደግሞ እኔን ሲያናድደኝ የቆየ ነው። ስለዚህ ንግግር ጀመርኩ። ሠዓሊውን ሥራ ያስፈታል፣ ፎቶ አንሺውን ያስረሳል፣ ደግሞስ አገጭ ማን ያቀናል? ውሸትና እውነት በምን ሊለይ ነው? መክሊት በትሕትና እያዳመጠችኝ ፎቶውን በስልኳ አነሣችው። ንግግሬን ሳልጨርስ እሷ ጨረሰች።

ውጤቱን አየሁት። አባቴ እየሳቀ ነው። አባቴ! የአባቴን ጥርስ ከጥርስ ሐኪም በቀር ያየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሐይቁም የሆቴል ማስታወቂያ ሆኗል። መርከቧ ግን የለችም፤ ማሽኑ እዚህ ምን ትሠራለች ብሎ ነው መሰል አጥፍቷታል።

እናቴ መነጽሯን አድርጋ ብዙ ጊዜ አየችው።

«ደስ የሚል ልጅ ነው» አለች። «የማነው?»

አላልኳችሁም ልል ስል ፊቷን አየሁና ተውኩት። ልታለቅስ ነበር።

መክሊት ግን ተስፋ አልቆረጠችም። አጠገቧ ቁጭ ብላ፣ እማማ፣ ምኑ ነው ያልሆነው ብላ ጠየቀቻት። እናቴ መጀመሪያ ጆሮው አለች። ጆሮው ወጣ ያለ ነበር፤ ሳህንና ብርጭቆ የሚሸጥበት ሱቁ ውስጥ ገበያተኛ ዋጋ አሳንሶ ሲጠራበት ይቀላል። መክሊት ጻፈችለት፣ ማሽኑ ሌላ ሰው አመጣ። ይሄም አይደለም። ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለ፤ ከሠርጉ በፊት ሰው ሱቅ ተቀጥሮ ሳለ የብርጭቆ ካርቶን ወድቆበት ነው። ሌላ ሰው መጣ። እናቴ ገበያ ወጥታ ጎመን እንደምትመርጥ አንዱን ባል እያገላበጠች ትመልሳለች። በመለሰች ቁጥር ደግሞ አንድ ወሬ ይወጣታል። ለካ አባቴ ሳህን ሲወለውል ይዘፍን ነበር! ሰው ሲገባ ጸጥ ይላል። እኔ ልጁ ይህን አላውቅም።

በመጨረሻ አሮጌውን ፎቶ አሳይቻት፣ እዚህ ላይ ለምን ከንፈርሽን ነከስሽ ብዬ ጠየቅኳት። ሳቀች። ጋሽ ንጉሤ ጭንቅላታቸውን የካሜራው ጨርቅ ውስጥ ሲከቱ፣ አባቴ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ እንዲህ አላት፦

«ከሠርጉ በኋላ በዚህች መርከብ እወስድሻለሁ።»

ከሠርጉ በኋላ ሱቁ መጣ። ከሱቁ በኋላ እኛ መጣን። ሱቁ እሑድም አይዘጋም ነበር። መርከቧ ቀርታ አንድ ቀን ጀልባ ላይ እንኳ ሳያወጣት ሞተ። ይህን ስትነግረን ቅሬታ አልነበረባትም፤ እኔን ግን ዓይኔን አቃጠለኝ።

ከመጡት ወንዶች ሁሉ አንዱም አባቴን ሳይሆን ቀረ። መክሊት ይቅርታ ጠየቀች። እናቴ ግን ፊቷ ፈክቷል።

«ተይው ልጄ» አለቻት። «እኔ ጋ መጥቷል።»

ይኸው! ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። ማሽን የሰውን ትዝታ መቼም አይተካም፣ ሐሰተኛ ምስል ቤታችን አይሰቀልም ልል ነበር። እናቴ ቀደመችኝ። መርከቧን መመለስ ይችላል ወይ ብላ መክሊትን ጠየቀቻት። መክሊት፣ ያልሽውን ያደርጋል አለቻት።

«እንግዲያው መልሻት፤ እኛንም አሳፍሪን። ፊታችንን ወደ ውሃው እናዙር፣ ፊት ላይ አይሆንለትም። ጆሮውን ብቻ አደራ።»

አሁን ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል። ምስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ። ሁለት ሰዎች ከጀርባ ይታያሉ፤ የአንደኛው ጆሮ ወጣ ብሏል፤ መርከቧ ወደ ግራ አዘምማለች። በቀደም ጎረቤታችን ሊጠይቃት መጣና ግድግዳው ላይ ዓይኑ ቀረ። ሐዋሳ መርከብ ነበራት እንዴ፣ ይሄን ደግሞ መቼ ነው የተነሡት ብሎ ጠየቃት።

እናቴ ዓይኗን እንኳ አላሸችም።

«ከሠርጉ በኋላ» አለችው።