በብስክሌት የቀኑት አቶ ታሪኩ

በየመሥሪያ ቤቱ «ቀንቼ እንዳይመስላችሁ» የሚል አንድ ሰው አለ። ከሌለ መሥሪያ ቤቱ ገና ሥራ አልጀመረም ማለት ነው። ባልደረባው ዕድገት ሲያገኝ «ቀንቼ እንዳይመስላችሁ፣ ግን ወንበሩ ይሰፋዋል» ይላል። ጎረቤቱ የቤቱን ቆርቆሮ ሲቀይር «ቀንቼ እንዳይመስላችሁ፣ ግን ዝናብ ሲመጣ አያስተኛውም» ይላል። በጂንካ ከተማ ይህን ከባድ ኃላፊነት ተሸክመው የሚኖሩት ክቡር አቶ ታሪኩ ናቸው።

አቶ ታሪኩና አቶ ሸዋንግዛው አንድ ሰፈር ይኖራሉ፤ አንድ ቢሮ ይሠራሉ። ጠዋት ጠዋት በሾፌሩ በቦሼ ባጃጅ የኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዳገቱን መውጣት ከጀመሩ ወዲህ ባጃጇ ሁለት ጊዜ ቀለም ተቀብታለች። መንገዱን ሁሉ ይከራከራሉ። አንዱ ፕሮቴስታንት አንዱ ኦርቶዶክስ ስለሆኑ ርዕስ አጥተው አያውቁም፤ ሃይማኖቱ ሲያልቅ ከገዘር የሚመጣው ድንች በቅቤ ነው በሚጥሚጣ የሚጣፍጠው ወደሚለው ይሻገራሉ። ቢሮ ሲደርሱ ተኮራርፈው ይወርዱና ማታ አብረው ይመለሳሉ።

አንድ ቀን ታዲያ አቶ ሸዋንግዛው ስኳር ተገኘባቸው። ሐኪሟ «ሰውነትዎ መንቀሳቀስ አለበት፤ ከባጃጅ ይውረዱ» አለቻቸው። በእግራቸው እንዳይሄዱ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ተራ ብስክሌት እንዳይነዱ ዳገቱ አለ። አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው ትህትና መላ አገኘች። ባትሪ ያለው፣ ፔዳሉን ሲረግጡት ሞተሩ የሚያግዝ ብስክሌት በአይሱዙ ተጭኖ፣ በቀይ አፈር ከተማ በኩል የመንገዱን አቧራ ጠጥቶ ጂንካ ገባ።

«ቀንቼ እንዳይመስላችሁ» አሉ አቶ ታሪኩ በማግስቱ ቢሮ ገብተው፤ «ግን ሞተር ያለው ነገር ስፖርት አይባልም። ተቀምጦ መሄድ ነው። ተቀምጦ መሄድማ እኔም እሄዳለሁ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አቶ ሸዋንግዛው ግን ሰንበት ብለው ለቀበቷቸው አዲስ ቀዳዳ አስበሱ። የቢሮው ሴቶች «ጋሼ ሸዋ፣ ልጅ ሆኑ እኮ!» ባሏቸው ቁጥር አቶ ታሪኩ «ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ» ብለው ያጉረመርሙና ፋይላቸው ላይ ያቀረቅራሉ።

ቀጥሎ ክትትሉ መጣ። አቶ ታሪኩ ባጃጇን ከብስክሌቱ ኋላ ኋላ ያስነዱ ጀመር።

«ጋሼ ታሪኩ፣ እንለፋቸው እንጂ!» ይላል ቦሼ።

«አትለፈው። እግሩን እይልኝ፤ ያንቀሳቅሰዋል?»

«እያንቀሳቀሱ ነው።»

«እንዳየነው አውቆ ነው!»

አንድ ቀን ዶሮ ታቅፋ ወደ ገበያ የምትሄድ ሴት ከጎናቸው ተቀምጣ ነበር። ቢጨንቃት «ቀብር እየሸኘን ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ዶሮዋም ትዕግሥቷ አልቆ የአቶ ታሪኩን ሱሪ አበላሸችው። እሱንም በብስክሌቱ አሳበቡ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀዳለ ነገሩ ሲበዛባቸው ማታ እራት ላይ «እንዲህ ከሆነስ ጊደሯን ሸጠን ላንተም እንግዛ» አሏቸው።

«ብስክሌት አማረኝ ያለሽ ማነው?» አቶ ታሪኩ ቱግ አሉ።

«ታዲያ ምንድን ነው የምትፈልገው?»

አቶ ታሪኩ እራታቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ።

ክረምቱ ሲበረታ ዝናቡ ምሰሶ ጣለና መብራት ጠፋ። የጂንካ ሰው በሙሉ ሲያማርር አቶ ታሪኩ ብቻቸውን መዝሙር ያንጎራጉሩ ነበር። የብስክሌቱ ባትሪ አለቀ የሚል ወሬ በሰሙ ማግስት የታጠበ ሸሚዝ ለበሱ፤ ቦሼን አቶ ሸዋንግዛው በር ላይ አስቆሙ። ሌላ ሰው እንዳይጫን ከለከሉ። ከጎናቸው ያለውን ባዶ ቦታ በመዳፋቸው ጠረጉት።

በሩ ተከፈተ። አቶ ሸዋንግዛው ብስክሌቱን እየገፉ ወጡ።

«ባትሪው አልቋል አሉ። ግባ እንጂ!»

«እግሬ መች አለቀ?» አሉና ተፈናጠጡት።

ሜዳው ላይ ሄደላቸው። ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ግን ያለ ባትሪ ያ ብረት አልንቀሳቀስ አለ። ወርደው መግፋት ጀመሩ። ጭቃው ያንሸራትታቸዋል፤ ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል፤ ትንፋሻቸው ባጃጇ ውስጥ ይሰማል። አቶ ታሪኩ ይህን ቀን ሲመኙት ነው የከረሙት። አሁን መጣላቸውና ሊተርቱ አፋቸውን ከፈቱ። ከፊታቸው ያለው ሰው ግን የሚታገለው ለታይታ ሳይሆን ለነፍሱ ነበር። ደነገጡ።

«አቁም ቦሼ።»

ወረዱ። በተወለወለ ጫማቸው ጭቃውን እየረገጡ ደረሱና ኮርቻውን ከኋላ ይዘው ገፉ።

«ታሪኩ! ምን ሆነህ ነው?»

«ዝም ብለህ ግፋ።»

ትንሽ ሄዱ። አቶ ሸዋንግዛው ዘወር ሳይሉ «አንተም እኮ አንድ ብትገዛ…» ብለው ጀመሩ።

«አልፈልግም አልኩ!» አሉ አቶ ታሪኩ። «ባንተ የቀናሁ መስሎሃል? በዚህ ብረት ነው የቀናሁት። ጠዋት ጠዋት አንተን ይዞ ይሄዳል፤ እኔ ከሰው ዶሮ ጋር እሄዳለሁ።»

አቶ ሸዋንግዛው የዳገቱ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ፊታቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉና «ነገ ማለዳ ውጣ» አሏቸው።

መብራቱ ከመጣ ቆየ፤ ባትሪውም ይሞላል። ነገር ግን የጂንካ ሰው ጠዋት ጠዋት የሚያየው የኤሌክትሪክ ብስክሌት ከእግረኛ አይቀድምም። አንዱ በእግራቸው፣ አንዱ በብስክሌት እየተንገዳገዱ፣ ጎን ለጎን እየተጨቃጨቁ ያልፋሉ። ቦሼ በአንድ ብስክሌት ሁለት ደንበኛ አጣ። በመንገዱ ዳር የቆምነውም እንዲህ የሚቀናልን ሰው ቢኖረን ብለን መቅናታችን አልቀረም።

ዳገቱ ላይ አቶ ታሪኩ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ጎንበስ ይሉና የጫማቸውን ማሰሪያ ያጠብቃሉ። ጫማቸው ማሰሪያ የለውም። አቶ ሸዋንግዛው ይህን ያውቃሉ፤ አንድ እግራቸውን መሬት ላይ አሳርፈው አስረው እስኪጨርሱ ይጠብቋቸዋል።