ሽጉጥ ይዞ እጅ መንሳት

ትልቅ ሰው ሲመጣ ዝም ብሎ መቆም የማይችል ሰው ታውቃላችሁ? እኔ አንዱን አውቃለሁ፤ ታምራት ይባላል፣ እዚህ በስደት አገር በሞንትቤሎ ሰፈር ታክሲ ነጂ ነው። እየሮጡ ኢላማ የሚመቱበትን የሽጉጥ ውድድር አብረን ነው የጀመርነው። ባለፈው ቅዳሜ ከአውሮራ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የተኩስ ሜዳ የመጀመሪያ ተራው ደረሰ። ሕጉ ግልጽ ነው፦ አፈሙዝህን ወደ ኋላ ካዞርክ ዕቃህን ሰብስበህ ወደ ቤትህ!

ታምራት አንዱን ኢላማ መትቶ ወደሚቀጥለው ሲሮጥ፣ ከኋላ «በርታ ልጄ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። የሰፈራችን ሽማግሌ ጋሼ ኃይሉ ናቸው። ታዲያ ምን ያድርግ? ተኳሽነቱ ገና ወር አልሞላውም፣ አስተዳደጉ ግን የዕድሜ ልክ ነው። ዞረ። ሽጉጡን ወደ ግራ እጁ አዛወረ፣ ጎንበስ ብሎ ቀኙን ዘረጋ፣ ሽጉጥ በያዘው ግራው የቀኙን ክርን ደገፈ፤ አፈሙዙ ወደ እኛ! ዳኛው «ስቶፕ!» ብሎ ሲጮህ ሁላችንም ከመሬት ተለጠፍን። ቆመው የቀሩት ጋሼ ብቻ ናቸው። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ።

ታምራት ዲስኳሊፋይ ተደረገ፤ ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ቤቱ።

የፊታችን ቅዳሜ ተራው የእኔ ነው። ተኩሱስ ግድ የለም። ትናንት ለጋሼ ደውዬ «ፀሐዩ ይጎዳዎታል፣ ባይመጡስ?» አልኳቸው።

«ምን ሆነሃል!» አሉኝ። «ብቻህን አልተውህም፤ ከኋላህ ቆሜ ስምህን እጠራለሁ።»