በነጭ ሸሚዝ የሚፈተን ቀለም

በየቤቱ የተገዛ ነገር የማያምን አንድ ሰው አይጠፋም። አንዳንዱ ቤት ሳሙና የሚቀቅል፣ አንዳንዱ ቤት ሬዲዮ የሚፈታታ ይደርሰዋል። ለእኔ ቆዳ በሽንኩርት ልጣጭ የሚነክር ባል ደረሰኝ። ተመስገን፣ ቢያንስ አይጠጣም።

ክቡርነታቸው ቦርሳ ይሰፋሉ፤ እኔ ጠርዙን እጨርሳለሁ። የሱቅ ቀለም ግን ደጃፋችንን አይረግጥም። «ፋብሪካ ስለ ቆዳ ምን ያውቃል?» ይላሉ። ስለዚህ ትልቁ ድስቴ የልጣጭ ሆኗል፤ የሻይ አተላ አይደፋም፤ ከአልጋችን ሥር የዛገ ምስማር በአቼቶ ተዘፍዝፏል። ጥቁሩ የሚወጣው ከእሱ ነው። አንድ ጊዜ ምስማር ቢያጥራቸው የጓዳውን በር ምስማር ነቀሉ፤ በሩ ሳምንት ሙሉ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ።

ባለፈው ወር ለጤና ጣቢያዋ ነርስ የሠሩትን ጥቁር ቦርሳ ቸኩለው ሳያለቀልቁ ሰጧት። በሦስተኛው ቀን ነጭ ጋውኗን ይዛ መጣች። ጎኑ ጥላሸት መስሏል።

«እትዬ፣ በሽተኛው ሁሉ እኔን ምን ነካሽ እያለ ይጠይቀኛል» አለችኝ። «ጓደኞቼ አምስት ቦርሳ ሊያዝዙ ነበር። እንደገና ሠርታችሁ አሳዩኝ። ከለቀቀ ግን ከሱቅ እንገዛለን።»

አምስት ቦርሳ ለእኛ የክረምት እንጀራ ነው። «የፋብሪካውን ቀለም እናምጣ፤ ማንም አያውቅም» አልኳቸው።

«እኔ አውቃለሁ» አሉ።

ሁለት አዲስ ቦርሳ ነከሩ፣ ደጋግመው አለቀለቁ፣ ዘይት ቀቡ። ከዚያ ያላቸውን አንድ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ አንዱን የሴት ቦርሳ አንግተው ወጡ። ሦስት ቀን ዞሩ፤ ዳቦ ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ ቀብር ሳይቀር።

«ጋሼ፣ የከንፈር ቀለሙን ረሱት ወይስ አለቀ?» አላቸው ጫማ ሰፊው። ቆመው ስለ ዝገት ግማሽ ሰዓት አስረዱት። አሁን ሲያያቸው አጎንብሶ ክር ይፈልጋል።

እኔ ከመጋረጃ ኋላ ነበር የማየው። ሰው ባሏ ናቸው እንዳይለኝ።

በሦስተኛው ቀን ዝናብ ወረደ። ሰው ሁሉ ጣሪያ ሥር ሲገባ እሳቸው መሃል መንገድ ወጥተው ቦርሳውን ከጎናቸው ጋር ያሻሹ ጀመር። ትንሽ አየሁ። ከዚያ ነጭ ሻርፔን ደርቤ ሁለተኛውን ቦርሳ አነገትኩና ወጣሁ።

«ምን ልትሠሪ? ትበሰብሻለሽ» አሉ።

«የወንድ ትከሻ ብቻውን ምስክር አይሆንም» አልኩ።

ጤና ጣቢያው ድረስ ሄድን። ነርሷ ሸሚዙን ገልጣ አየች፤ ሻርፑንም ወደ መስኮቱ ይዛ አየች። ነጭ ነበሩ።

«አምስቱን ጀምሩ» አለች።

ስንወጣ ዝናቡ አባርቷል። ቦርሳዎቹን እንዳነገትን በዳቦ ቤቱ በኩል ዞረን ተመለስን። በዚያ በኩል መንገዱ ይረዝማል።