እያወሩ ማሰብ

እኛ አገር ሰው ሲያስብ ዝም ይላል። ሽማግሌ ከበድ ያለ ነገር ሲቀርብለት ጋቢውን እስከ አፉ ስቦ መሬት መሬቱን ያያል፤ ቶሎ ከመለሰማ ቀሎብን አረፈው። ሳላስብ የምናገረው እኔ ብቻ ነበርኩ። ለዚህ ነው መንደሩ በኔ ወሬ ሆዱን ይዞ ሲንከባለል ከርሞ፣ አንድ ቀን እንኳ ለሽምግልና ያልጠራኝ። አሜሪካ ስመጣ ግን፣ እናንተዬ፣ ነገሩ ተገልብጦ ጠበቀኝ።

አብሬው የምኖረው የእህቴ ልጅ ዳዊት የሶፍትዌር ሰው ነው። እኔ እርሻ ላይ በሬን በቃል ለምኜ እንቢ ሲለኝ የኖርኩትን፣ እሱ ኮምፒዩተርን በጽሑፍ ያዘዋል። መሥሪያ ቤቱ ግማሹን ሠራተኛ ባንድ ኢሜይል ሲያሰናብት እሱም አብሮ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ኧርቪንግ ከተማ ያለችው አፓርታማችን የሥራ ኢንተርቪው ቤት ሆነች። እኔ መቶ ቆጥሬያለሁ፤ እሱ ዘጠኝ ነው ይላል። እጮኛው አዲስ አበባ ሆና የመምጫ ወረቀቷን ትጠብቃለች፤ እሱ ሥራ ከሌለው ደግሞ ወረቀቷ ንቅንቅ አይልም። ቀለበቱ መሳቢያ ውስጥ ካልሲ ለብሶ ተቀምጧል።

የሚወድቀው ባለማወቅ እንዳይመስላችሁ። ጥያቄ ይሰጡታል፣ "እየሠራህ የምታስበውን ንገረን" ይሉታል፤ እሱ ጭጭ! ቀና ሲል መልሱ ልክ ነው። እነሱ ግን "ምን እያሰብክ እንደነበር አላወቅንም" ብለው ይሸኙታል።

"ጋሼ፣ እኔ እያወራሁ ማሰብ አልችልም" አለኝ።

"እኔ ደግሞ ዝም ብዬ ማሰብ አልችልም። ተገናኝተናል!"

ልምምዱን በድንች ጀመርን። "አሁን ድንቹን ያዝኩ፣ ቢላውን ወደዚህ አዞርኩ፣ ምክንያቱም እዚህ ጋ ጎድጎድ ብሏል" እያለ ይልጣል። ዝም ሲል ጭልፋ አነሳበታለሁ። ባንድ ሳምንት ሬዲዮ አደረግሁት፤ ጥርሱን ሲፋቅ እንኳ ምክንያቱን ያስረዳ ነበር።

ማኪኒ ከተማ ያለ አንድ ድርጅት ለመጨረሻው ኢንተርቪው በቪዲዮ ቀጠሮ ሲሰጠው፣ እኔ ከላፕቶፑ ጀርባ ጭልፋዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ዝም ሊል ሲል ከፍ አደርጋለሁ። ቀና ብሎ ያየኛል፤ ወሬው እንደ ምንጭ ይፈልቃል። እንግሊዝኛው ባይገባኝም ማማሩ ገባኝ። ሲያበቃ እልል ስል፣ የታች ቤቱ ጎረቤት ጣሪያውን በመጥረጊያ ደበደበ።

በሁለተኛው ቀን ከድርጅቱ ጋር ያገናኘችው ሴትዮ ደወለች። ዳዊት አዳምጦ ስልኩን በቀስታ አስቀመጠ።

"ምን አለች?"

"በጣም ጥሩ ነበር አለች።"

"ታዲያ?"

"ዓይኔ ከስክሪኑ ኋላ ሲሄድ ሲመጣ አይተዋል። እዚያ የተቀመጠ ባለሙያ አለ፣ እሱ ይነግረዋል፣ ይሄ ይጽፋል ብለዋል።"

እኔን! ፊርማዬ አውራ ጣቴ የሆነውን ሰውዬ! በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የተማረ ነው ተብዬ ተጠረጠርኩ። ልስቅ አፌን ከፈትኩ፤ ሳቁ አልመጣም።

"ደውልላቸው። ፊደል ያልቆጠረ አጎቴ ነው በላቸው። ቀርቤ እምላለሁ!"

"አያምኑኝም፣ ጋሼ። ይተዉት" አለና ጭልፋውን ከእጄ ወስዶ አጠበው። ሲያጥብ ምንም አላወራም።

አሁን ሌዊስቪል ከተማ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ያነሳል። እዚያ ምን እያሰብክ ነው ብሎ የሚጠይቀው የለም። እጮኛው ስትደውል "ደህና ነው፣ ደህና ነው" ይላታል።

ይህንንም ወግ የሚጽፍልኝ እሱ ነው። እኔ እነግረዋለሁ፣ እሱ ትንፍሽ ሳይል ይጽፋል። ይኸው፣ የኢንተርቪው ሰዎቹ ያሉት ደረሰ። ቀለበቱ ጋ ስንደርስ ጣቶቹ ቆሙ።

ጭልፋውን አላነሳሁም።